በሕፃናቱ እርምጃ መጠን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከባሕር ዳር መናኸሪያ ማለዳ አውቶቡስ ሲነሣ እናማትባለን፤ ከተሳፋሪውም መካከል አንድ አባት ወይም አንዲት እናት «በሰላም ያግባን» ብለው ይመርቃሉ። እጅግ መልካም ልማድ ነው። ከምርቃቱ በኋላ መሪውን የሚጨብጠውን ሾፌር ግን የሚያመሰግነው ጥቂት ሰው ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 33 ዔሳው ከወንድሙ ከያዕቆብ ጋር ተቃቅፈው ከተላቀሱ በኋላ አብረው እንዲሄዱ ጠየቀው። ያዕቆብ ግን ሕፃናቱ ደካሞች እንደ ሆኑ፣ የሚያጠቡ በጎችና ላሞችም እንዳሉት፣ አንድ ቀን ብቻ በጥድፊያ ቢነዷቸው መንጋው ሁሉ እንደሚያልቅ ነግሮት በእንስሳቱና በሕፃናቱ እርምጃ መጠን በዝግታ እንደሚከተለው አስታወቀው። ዔሳው 400 ሰዎች አስከትሎ ነበርና ከዚያ ሁሉ አጀብ ጋር እኩል መገስገስ በሰው ዓይን ክብር ነበረው፤ ያዕቆብ ግን ጉዞውን በደካሞቹ አቅም ለካ።

ይህን ጥበብ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው መንገድ ላይ በዓይናችን እናየዋለን። የጣና ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል፤ የፎገራ ሜዳ ሲያልቅ ጠመዝማዛው ዳገት ይጀምራል፣ ወደ ጋይንት ለሚቀጥለው ደግሞ በጉና በኩል የክረምቱ ጉም ይጠብቀዋል። አውቶቡሱ ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ታኮ ይዞ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ሥር ይሸጉጣል፤ ሾፌሩም ወርዶ ጭቃ የለበሱትን ጎማዎች አንድ በአንድ በመዳፉ እየዳሰሰ ይዞራል። በመልሱ ጉዞ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት እየያዘ ይወርዳል፤ ፍሬኑን ሳያቋርጥ ቢረግጠው ይግልና መያዙን ይተዋልና። እኛ ግን ከኋላ ተቀምጠን የሞተሩን ጩኸት እየሰማን «ንዳው እንጂ፣ ምን ይንቀረፈፋል!» እንላለን። ሕፃን ያዘለችው እናትና ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የሚወሰደው ታማሚ ከእኛው ጋር ተሳፍረዋል፤ ሾፌሩ የሚዘገየው ለእነርሱ ነው፣ ለእኛም ነው።

በመዝሙር 120 «እነሆ፥ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም» ተብሎ የተነገረው ስለ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሾፌሩ ሌሊት በመናኸሪያ አካባቢ ትንሽ አሸልቦ ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣ፣ ዓይኑ የሚደክም ሰው ነው፤ ስለዚህ ምሳ ላይ ጥቂት ልረፍ ሲል እያጉረመረምን የምናስቸኩለው ከሆነ በጠዋት ያልነውን አሜን ራሳችን እናፈርሰዋለን። ፈጥኖ የሚያደርሰውን «ጎበዝ ሾፌር» እያልን ማሞገሳችንም በእኔ እምነት ከባድ በደል ነው፤ ወጣቶቹ ሾፌሮች ከዚህ ውዳሴያችን ይማራሉና።

እንግዲህ ስንወርድ ቆም ብለን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንበለው፤ ሙስሊም ወንድማችንም ቢሆን ምስጋናው ያው ነው። ክርስቲያን ከሆነ ደግሞ ስመ ክርስትናውን ጠይቀን፣ ለቅዳሴ ስንቆም ከቤተ ሰቦቻችን ስም ጋር እናንሣው፤ እሑድ ጠዋት እኛ በቤተ ክርስቲያን ስንቆም ከሾፌሮቹ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ናቸው።