ሰማዩ ጠርቶ ሮኬቱ ለምን ይቀራል?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፍ ሥር በአንድ ስልክ ላይ ተሰብስበን የሮኬት ማስወንጨፍ ስናይ ቆጠራው ድንገት ከቆመ "ተበላሸ!" የሚል አይጠፋም። ሮኬቱ ግን ደህና ሊሆን ይችላል። በሚበርበት አቅጣጫ ያለው ባሕርና አየር ለመርከብና ለአውሮፕላን ይዘጋል፤ ቢፈነዳ፣ ወይም መንገድ ስቶ በትእዛዝ ቢያጠፉት፣ ፍርስራሹ የሚወርደው እዚያ ነውና። አንድ ጀልባ እንኳ ከገባ ቆጠራው ይቆማል።

በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት ጀልባ የተከለከለው ክልል ውስጥ ስለተገኘች የአንታረስ ሮኬት ጉዞ ለማግስቱ ተላለፈ። በማግስቱ ተነሥቶ በሰከንዶች ውስጥ ፈነዳ፤ ማንም አልተጎዳም። ክልሉ ለምን እንደሚዘጋ ለመረዳት ለእኔ ይህ አንድ ታሪክ ይበቃኛል።

ጀልባዋ እስክትወጣ ለምን አልጠበቁም? ሮኬቱ የሚሄደው ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነበር። ምድር ስለምትዞር ማስወንጨፊያው ከጣቢያው ምሕዋር (ምድርን ከሚዞርበት መንገድ) ጋር የሚገጥመው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ካለፈ ለሌላ ቀን ይቀጠራል።