ሥጋ አለመብላትና የክብር ጥያቄ

በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሥጋን ከማዕዳቸው የሚያስወጡ ሰዎች ቁጥር በዘመናችን እየበዛ ነው። አንዱ ለጤናው፣ ሌላው ለእንስሳት ራርቶ፣ ሌላውም ለምድር አስቦ ይተወዋል፤ ይህም በራሱ ነቀፋ የለበትም። በመጀመሪያ ለሰው የተሰጠው መብል ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነበር (ዘፍ. 1፥29)፤ ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ ነው (ዘፍ. 9፥3)። ዳንኤልና ባልንጀሮቹም የንጉሡን መብል ትተው ለ10 ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ወስደው ከሌሎቹ ይልቅ ፊታቸው አምሮ ተገኝቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከምግቡ ጋር ተያይዞ የሚመጣው የክብር ፍለጋ ነው። በጥንቱ ዓለም ሥጋን አዘውትሮ መብላት የባለጠግነት ምልክት ነበር፤ አሞጽም በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ ተጋድመው ከመንጋው የተመረጠውን ጠቦት የሚበሉትን፣ የወገናቸው ስብራት ስላላሳዘናቸው ገሥጿቸዋል (አሞ. 6፥4-6)። ዛሬ በብዙ ስፍራ ነገሩ ተገልብጦ፣ ሥጋን መተው የተማረና የነቃ ሰው መለያ ተደርጎ ይታያል። ያንኑ አትክልት ባለጠጋው መርጦ ሲበላው ጥበበኛ ይባላል፤ ድሀው ሌላ አጥቶ ዕድሜውን ሁሉ ሲበላው ግን ማንም አያመሰግነውም። ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን አክብረው ድሀውን ከእግራቸው መረገጫ በታች የሚያስቀምጡትን የገሠጸበት አድልዎ (ያዕ. 2፥1-4) በዚህ በኩል ተመልሶ እንዳይገባብን እፈራለሁ።

በሮም ምእመናን ዘንድ ይናቅ የነበረው አትክልት የሚበላው ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ሥጋ የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ያዘዘው፣ ሁለቱንም የተቀበላቸው እግዚአብሔር ስለሆነ ነው (ሮሜ 14፥2-3)። ራሱም መብል ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ለዘላለም ሥጋ እንደማይበላ ሲናገር (1ቆሮ. 8፥13)፣ ምክንያቱ የደካማው ወንድሙ ሕሊና እንጂ ለራሱ የሚያገኘው ስም አልነበረም።

ስለዚህ አንዲት እናት ካላት ጥቂት ነገር ቆጥባ፣ እንግዳ አክብራ ሥጋ ሠርታ ስታቀርብ፣ ሥጋ የማይበላው ወንድም በገበታው ላይ ስለ ምግብ ትምህርት አይጀምር፤ አመስግኖና ቀለል አድርጎ ልማዱን ይንገራት፤ ከቀረበው ውስጥ የሚችለውንም በደስታ ይብላ። ሥጋ የሚበላውም በዚህ ወንድም አያፊዝበት። ሥጋን በመተው ገንዘብ የተረፈው ቢኖር ደግሞ፣ ኢሳይያስ ስለ እውነተኛው ጾም እንዳስተማረው (ኢሳ. 58፥7)፣ እንጀራውን ለተራበው ይቍረስ።