የደንበኛ ፋይል ስንት ዓመት ይቀመጥ? በአሜሪካ የማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅቶች የሚሳሳቱባቸው ነጥቦች

ስደተኛ የሚያቋቁሙ፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን የሚረዱ፣ የቤት ኪራይ የሚደግፉ ድርጅቶች፣ የኢትዮጵያውያን ማኅበራትንም ጨምሮ፣ ካቢኔው ሲሞላ «ስንት ዓመት እናስቀምጥ?» ይላሉ። ቁጥሩን ብዙዎች ያውቁታል። በብዛት የሚሳሳቱት መቁጠር የሚጀመርበት ቀን ላይ ነው። ከታች በጥቅስ የተቀመጡት የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው፤ እርማታቸው ከሥራቸው ይከተላል።

«የፌዴራል ድጎማ ሰነድ ገንዘቡ ከወጣ 3 ዓመት በኋላ ይጣላል»

3 ዓመቱ እውነት ነው፤ በፌዴራል ደንቦች መድበል፣ በ2 ሲኤፍአር 200.334 ሰፍሯል። የሚቆጠረው ግን የመጨረሻው የሒሳብ ሪፖርት ከገባበት ቀን ነው። ለምሳሌ ድጎማው መስከረም 30 ቀን 2024 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ተዘጋ፣ ሪፖርቱም ጥር 20 ቀን 2025 ገባ እንበል። ሰነዱ እስከ ጥር 20 ቀን 2028 መነካት የለበትም፤ በ2022 የተከፈለ የታክሲ ደረሰኝም ቢሆን። በየዓመቱ የሚታደስ ድጎማ ከሆነ ከየዓመቱ ሪፖርት ይቆጠራል። በድጎማው የተገዛ ዕቃ ካለ፣ የዕቃው መዝገብ 3 ዓመት የሚቆጠርለት ዕቃው ከተወገደ በኋላ ነው። 3 ዓመቱ ሳያልቅ ኦዲት፣ ክስ ወይም የይገባኛል ጥያቄ ከተነሳ፣ ጉዳዩ እልባት እስኪያገኝ ምንም አይወገድም። ገንዘቡ በክፍለ ግዛት ወይም በከተማ በኩል የመጣ ከሆነ ውሉን አንብቡ፤ ረዘም ያለ ጊዜ ከጠየቀ የሚሠራው የውሉ ነው።

«ሂፓ የደንበኛን ፋይል 6 ዓመት አስቀምጡ ይላል»

አይልም። ሂፓ የጤና መረጃን ምስጢር የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ ነው፤ 6 ዓመቱ ሂፓ ራሱ ለሚያስጽፋቸው ሰነዶች ነው፦ ለግላዊነት ፖሊሲ፣ ለማሳወቂያ፣ ደንበኛው ለፈረመው የመረጃ ፈቃድ። የሕክምና መዝገብ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው በአብዛኛው የክፍለ ግዛት ሕግ ነው።

«የልጅ ፋይልም እንደ አዋቂው ነው»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኼ ነው፤ የሚጎዳው ገና ፋይል እንዳለው እንኳ የማያውቅ ልጅ ነውና። ካሊፎርኒያን እንውሰድ። እዚያ ፈቃድ ያለው ክሊኒካል ሶሻል ወርከር (የሥነ ልቦና ምክርና ሕክምና የሚሰጥ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ) የአዋቂን መዝገብ ሕክምናው ካበቃ በኋላ 7 ዓመት ያቆያል። የልጅ ከሆነ ግን 7 ዓመቱ የሚጀምረው ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ነው። በ2023 በ9 ዓመቱ ምክር ያቆመ ልጅ 18 የሚሞላው በ2032 ነው፤ ፋይሉ እስከ 2039 ይቆያል። ከ2023 የቆጠረ ሠራተኛ በ2030፣ ልጁ ገና 16 ዓመቱ ሳለ፣ ይቀደዋል። ስለዚህ የልጆች ፋይል ከአዋቂዎቹ ጋር በአንድ ካርቶን አይግባ፤ የትውልድ ዓመቱም ፋይሉ ሽፋን ላይ ይጻፍ።

«ስካን ከተደረገ ወረቀቱ ይጣል»

የድጎማ ደንቡ ቅጂን ይፈቅዳል፤ ግን የሚነበብና ጥራቱ በየጊዜው የሚፈተሽ መሆን አለበት። ከመቅደዳችሁ በፊት የገጾቹን ብዛት አስተያዩ፣ ጀርባቸው ላይ የተጻፈባቸውን ገጾች ፈልጉ። የሱቅ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ይደበዝዛል፤ በመጣበት ሳምንት ቅጂ ይወሰድለት።

«ማብዛት አይጎዳም፤ ሁሉም ይቀመጥ»

የመመሥረቻ ሰነድ፣ የቦርድ ቃለ ጉባኤና የአይአርኤስ (የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ) ከግብር ነፃ ማረጋገጫ ለዘለቄታው ይቀመጡ። ከባሏ ሸሽታ የመጣች ሴት የተጠለለችበት አድራሻ ግን ጊዜው ካለፈ በኋላ ካቢኔ ውስጥ ምን ይሠራል? ፋይሉ ቢሰረቅ ወይም ፍርድ ቤት ቢያዝበት የምትጋለጠው እሷ ናት።

«ጊዜው ካለፈ ቀዶ መጣል ነው»

መጀመሪያ ክስ፣ ምርመራ ወይም ኦዲት አለመኖሩን አረጋግጡ። የፌዴራል ምርመራን ለማደናቀፍ ሰነድ ማጥፋት እስከ 20 ዓመት ያሳስራል፤ ሕጉ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅትንም አይምርም። ከዚያ ቁራጩን በጣም በሚያደቅ መቅደጃ ቅደዱ፤ ረጃጅም አድርጎ በሚሰነጥቅ ማሽን የተቀደደ ወረቀት ተገጣጥሞ ይነበባል። የምን ዓይነት ሰነድ፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ በማን ፈቃድ፣ መቼና እንዴት እንደተወገደ መዝግባችሁ መዝገቡን አቆዩት። ፎቶኮፒ ማሽኑንም አትርሱ፤ ብዙዎቹ ሃርድ ድራይቭ ስላላቸው፣ የኪራይ ጊዜው አልቆ ሲመለስ የደንበኞቻችሁ መታወቂያ አብሮ ሊሄድ ይችላል።