በሐኪም የሚታዘዝ አፕ፦ ፈቃዱ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ

ስልካችን ላይ እርምጃ የሚቆጥረው አፕ ሕክምና አይደለም። ሕክምና የሚባለው በሽታ እንደሚያክም በጥናት አሳይቶ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የፈቀደው ሶፍትዌር ነው። ሰው የሚምታታበት ከዚህ በኋላ ነው። ፈቃድ ካገኘ ገንዘብ አገኘ ይመስለዋል።

አሜሪካ ውስጥ ፒር ቴራፒዩቲክስ የተባለ ኩባንያ ለሱስ ሕክምና የሠራው ሪሴት የተባለ አፕ እ.ኤ.አ. በ2017 የኤፍዲኤ (የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) ፈቃድ አገኘ። ሐኪሞች አዘዙት። ብዙ ኢንሹራንሶች ግን አንከፍልም አሉ። ኩባንያው በ2023 ከሰረ። እኔ ባለሀብት ብሆን ከቴክኖሎጂው በፊት የምጠይቀው “ማን ይከፍላል?” ብዬ ነው።

ጀርመን ፈቃዱንና ክፍያውን በ2019 ሕግ አገናኘቻቸው። አፑ በመንግሥት መዝገብ ከገባና ሐኪም ካዘዘው፣ የሕዝብ ጤና መድን ይከፍላል። ታካሚው ከመድኑ ኮድ ይቀበላል፣ አፑ ላይ ያስገባል፣ በቃ። ማስረጃው ያልተሟላ አፕ እንኳ ለ12 ወር በጊዜያዊነት ይመዘገባል። የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ፣ ጣሪያ ቢኖረውም፣ የሚተምነው አምራቹ ራሱ ነው። ኩባንያዎችን ያጓጓው ይኼ ነው፤ መድኖቹን ያንገበገበውም ይኸው። ከዚያ ወዲያ ዋጋው በድርድር ነው። ማስረጃ ያላመጣ ደግሞ ከመዝገቡ ይሰረዛል፤ የተሰረዙም አሉ።