የማኒላው ሥነ ጥበብ ሙዚየም፦ በተለምዶ የሚባለውና እውነታው

አረብ አገር ከፊሊፒኖች ጋር የሠራ ሰው ስለ ማኒላ ብዙ ወሬ ሰምቷል። ስለ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየማቸው ሲነሳ ግን የሚባለው ግማሹ ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ስፔኖች የሠሩት ሕንፃ ነው»

አይደለም። ግን ሰው ቢሳሳት አይገርምም፤ ስፔን ፊሊፒንስን ከ300 ዓመት በላይ ገዝታለች፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው የስፔኖች ከተማ ኢንትራሙሮስም እዚያው ቅርብ ነው። ሕንፃው ግን ከስፔን ቀጥላ አገሩን የገዛችው የአሜሪካ ዘመን ሥራ ነው። ግንባታው በ1918 ተጀምሮ በ1926 አለቀ። ዓምዶቹን ያየ ሰው ዋሽንግተን ትዝ ቢለው አይፈረድበትም፤ በ1905 የማኒላን ፕላን ያወጣው አሜሪካዊው አርክቴክት ዳንኤል በርንሃም የዋሽንግተንን መሀል ከተማ ፕላን ካወጡትም አንዱ ነበር።

«ድሮውንም ለሙዚየም የተሠራ ነው»

ኧረ በፍጹም። መጀመሪያ የታሰበው ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ሐሳቡ መሀል ላይ ተቀየረና የአገሩ ልጅ አርክቴክት ሁዋን አሬልያኖ ንድፉን አስተካክሎ የሕግ አውጪዎች ምክር ቤት አደረገው። ማኑኤል ኬዞን በ1935 ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ የፈጸሙትም እዚሁ ነው። ሴኔቱ ጠቅልሎ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። ሙዚየምነት የቅርብ ጊዜ ሥራው ነው ማለት ነው።

«የምናየው ያው የ1926ቱ ሕንፃ ነው»

ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄንን ነው። በፌብሩዋሪ 1945፣ በማኒላው ውጊያ ጊዜ፣ የጃፓን ወታደሮች ሕንፃው ውስጥ መሽገው እጅ አንሰጥም አሉ፤ አሜሪካኖች ደግሞ እግረኛ ወታደር ከማስጨረስ ብለው በከባድ መድፍ ደበደቡት፣ ግራና ቀኙም ተደረመሰ። ያሠራችውም አሜሪካ፣ ያፈረሰችውም አሜሪካ። በዚያ ውጊያ ከተማዋ ውስጥ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰላማዊ ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ ስለዚህ ለሕንፃ ማልቀስ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ከጦርነቱ በኋላ በድሮው ንድፍ መልሰው ሠሩት፣ ጌጡን ግን ቀነሱት። የድሮ ፎቶ አጠገቡ አድርጎ ያየ ሰው ልዩነቱን ያገኘዋል።

«ትልቁ ሥዕል የፊሊፒኖችን ስቃይ ያሳያል»

ሙዚየሙ ውስጥ ያለው ትልቁ ሥዕል ስፖሊያሪየም የሚባለው የፊሊፒኖው ሠዓሊ የሁዋን ሉና ሥራ ነው፤ ወርዱ ከ7 ሜትር፣ ቁመቱ ከ4 ሜትር ይበልጣል። ሥዕሉ ላይ አንድም ፊሊፒኖ የለም። የሞቱ የሮማ ግላዲያተሮች (ሕዝብ እያያቸው ለትርዒት የሚፋለሙ ሰዎች) እንደ ዕቃ መሬት ለመሬት ሲጎተቱ ነው የሚታየው። ሉናም የሳለው ሮም ተቀምጦ ነው። በ1884 ማድሪድ ላይ የወርቅ ሜዳልያ አገኘበት፣ ጓደኞቹም ግብዣ ደገሱ። እዚያ ግብዣ ላይ የፊሊፒንስ ብሔራዊ ጀግና የሚባለው ደራሲ ሆሴ ሪዛል ተነስቶ ሥዕሉን ከአገራቸው ሁኔታ ጋር አገናኝቶ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ራሱን አየበት። እኔ በበኩሌ ይሄን ስህተት ማለት ይከብደኛል፤ ሥዕል ሠዓሊው የሰጠው ትርጉም ብቻ ይኑረው ያለው ማነው? ሥዕሉ ሁልጊዜ ማኒላ ውስጥ እንደነበረ ማውራት ግን ስህተት ነው። ስፔን ውስጥ ከርሞ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ተጎድቶ፣ ታድሶ የመጣው በ1958 ነው።

«መግቢያው ውድ ነው»

ከ2016 ጀምሮ ነፃ ነው። ለውጭ አገር ሰውም።