በሥዕል ትንተና ጽሑፍ ማስተማር ምንድን ነው?

የሥዕል ትንተና ማለት አንድን ሥዕል ረጋ ብሎ ተመልክቶ በመጀመሪያ የሚታየውን መናገር፣ ቀጥሎ ከታየው ተነስቶ ሥዕሉ ምን እንደሚል መፍረድ፣ ፍርዱንም ከሥዕሉ ላይ በሚጠቆም ነገር ማስረዳት ነው። መስመሩ፣ ቀለሙ፣ ብርሃንና ጥላው፣ የሰዎቹ መጠንና አቀማመጥ፣ ማን ወዴት እንደሚያይ፣ ሁሉም ማስረጃ ይሆናል። ሥራው የሥነ ጥበብ ታሪክ ባለሙያዎች ነው። በኮሌጅ የጽሑፍ ትምህርት ውስጥ ሲገባ ግን ዓላማው ሃያሲ ማፍራት ሳይሆን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሐሳቡን በማስረጃ የሚደግፍ አንቀጽ እንዲጽፍ ማብቃት ነው።

ለዚህ ሥዕል ለምን ያስፈልጋል? ተማሪን «ስለ ሙስና ጻፍ» ስንለው ሁሉም የሚለውን ይጽፋል። ሙስና አገር ያጠፋል ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ነገር ግን መምህሩ የሚያመሳክርበት ነገር የለም። ሥዕል ሲሆን ማስረጃው ጠረጴዛው ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከደጋው መንደር ወደ ኮሌጅ የመጣውም፣ ከሩቅ ክልል ተመድቦ የመጣውም ተማሪ እኩል ያየዋል። «ሴትዮዋ አዝናለች» ያለ ሰው ጓደኛው «የት ላይ?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል።

ጠቅላላው ዘዴ የቆመው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው። አቢጌል ሃውሰንና ፊሊፕ የናዋይን የተባሉ አሜሪካውያን ሥዕልን በውይይት ለማስተማር ያዘጋጁት ዘዴ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ አሉት፦ እዚህ ሥዕል ላይ ምን እየሆነ ነው? ይህን ያስባለህ ምን አይተህ ነው? ሌላስ ምን እናገኛለን? መካከለኛዋ ጥያቄ ለእኔ ከብዙ የሰዋስው ገጽ ትበልጣለች። ተማሪውን አታሸማቅቀውም፣ ተሳስተሃል አትለውም፣ ወደ ሥዕሉ ተመለስ ነው የምትለው።

በምሳሌ እንየው። በየቤቱና በየምግብ ቤቱ የሚሰቀለውን የዓድዋ ሥዕል የማያውቅ የለም። ብዙውን ጊዜ የኢትዮጵያ ጦር በግራ፣ የጣሊያን ጦር በቀኝ ይቆማል። ዳግማዊ ምኒልክ ዘውድ ደፍተው፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሆነው ይታያሉ። ከላይ ሰማዩ ላይ በነጭ ፈረስ የተቀመጠ ጦረኛ አለ። በጥንቱ የአሳሳል ወግ ደግ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ሲሣል፣ ጠላትና ርኩስ መንፈስ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ላይ ይሁዳን የሚለዩትም በዚሁ ነው። ይህ ወግ ወደ ጦርነቱ ሥዕልም ገብቷል።

ጀርመን ተወላጁ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ኤርዊን ፓኖፍስኪ እ.ኤ.አ. በ1939 ሥዕልን በሦስት እርከን ማንበብን አስተምሯል፤ ለዚህ ሥዕል ልክ ይመጣል። የመጀመሪያው እርከን ዓይን ብቻ የሚያየው ነው፦ ሰማይ ላይ በነጭ ፈረስ ያለ ሰው ጦር ወርውሯል። ሁለተኛው ዕውቀት ይጠይቃል፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ 23 ደግሞ ወርኃዊ በዓሉ ነው። ሦስተኛው ሥዕሉ የወጣበትን ዘመንና እምነት ይጠይቃል፦ ድሉን ሠዓሊው ለማን ሰጠው? ከላይ ላለው ወይስ ከታች ላለው? ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ሥርዓት ወዲያው ይለየዋል፤ ሰሙን ያላበጀ ወርቅ አያወጣም።

ሰሜን ሸዋ ላይ ግን ይህን ማስተማር የራሱ ችግር አለው፤ ችግሩም ዕውቀት ነው። ምኒልክ የተወለዱበት አንጎለላ ከደብረ ብርሃን ቅርብ ነው፣ አንኮበር እዚያው ነው፣ ተማሪው ታሪኩን ከአያቱ ሰምቷል። ስለዚህ ሥዕሉን ሳያይ የሚያውቀውን ይጽፋል። የውጫሌ ውል ይመጣል፣ ሥዕሉ ላይ የሌለ አንቀጽ 17 ይመጣል። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ሥራ ስትሰጡትም እንዲሁ ነው፦ ጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ፣ የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ እንግሊዝ ሄደው ሥዕል ተምረው ተመለሱ፣ የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት ሠሩ። ሁሉም ትክክል ነው። ገጹ ሞልቷል፣ ሥዕሉ ግን አልተነካም። ኩራቱ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ሥዕሉን ፈጽሞ ሳላይ ልጽፈው የምችለው ጽሑፍ ትንተና አይባልም። በመጀመሪያው ረቂቅ ስም፣ ዓመትና ታሪክ እንዳይገባ የምከለክለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ረቂቅ ላይ ዕውቀቱ ይመለሳል፤ ያኔ የሚያያዝበት ነገር አግኝቷል።

ልዩነቱ አረፍተ ነገሩ ላይ ይታያል። «ሠዓሊው የኢትዮጵያውያንን ጀግንነት በሚያስደንቅ ሁኔታ ገልጿል» የሚለው ለማንኛውም የጦርነት ሥዕል ይሆናል። ይህኛው ግን ለአንዱ ብቻ ነው፦ «በግራ ያሉት ተዋጊዎች ሁለት ዓይናቸው ይታያል፣ በቀኝ ያሉት በጎን ስለተሣሉ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ሠዓሊው ተመልካቹን ዓይን ለዓይን ያገናኘው ከግራዎቹ ጋር ብቻ ነው።» በዚህኛው ውስጥ የመጀመሪያው አረፍተ ነገር የታየው ነው፣ ሁለተኛው ፍርዱ። አንቀጽ ከዚህ የተለየ ነገር የለውም፤ ይህ ሲደጋገምና ሲያያዝ ነው ድርሰት የሚሆነው።

ውይይቱ በአማርኛ ወይም ተማሪው በሚቀናው ቋንቋ ቢጀመር ይሻላል፤ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ቢሆንም እንኳ። ቃል ፍለጋና ሐሳብ ፍለጋ አንድ ላይ ሲመጡ ተማሪው ዝም ይላል። ሥዕሉን በፎቶ ኮፒ የምታባዙ ከሆነ ቀለሙ ስለሚጠፋ ጥያቄያችሁን ወደ መጠን፣ ወደ አቀማመጥና ወደ እይታ አዙሩ፤ ቀለም የግድ ከሆነ በስልክ ይታይ። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ለማንሳት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

ዘዴው ሰዋስው አያስተምርም፣ ምንጭ አጠቃቀስም አያስተምርም፤ እነዚያ የራሳቸው ሰዓት ይፈልጋሉ። ተማሪው ሥዕል ላይ ከለመደ በኋላ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይሰጠዋል፣ ከዚያ የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ። ጥያቄዋ አትለወጥም፦ ይህን ያስባለህ የትኛውን አረፍተ ነገር አንብበህ ነው?