«ልየታ» ምንድን ነው? ምርመራ እንዳልሆነ ልንገራችሁ

ሰሞኑን አንድ ሰው «በሦስት ቀን ስልጠና የልብ ሐኪም ልታደርጓቸው ነው?» ብሎ ጻፈ። የሚያወራው እዚህ ሐዋሳ የደም ግፊት ልየታ ስለምናሠለጥናቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ ሌላው «ኤክስቴንሽኗ መርምራኝ ግፊት አለብህ አለችኝ» ሲል ሰማሁ። አንዱ ይንቃል፣ አንዱ ያምናል፤ የሚሳሳቱት ግን አንድ ቦታ ላይ ነው። ልየታን ምርመራ አድርገውታል።

ልየታ ማለት «ደህና ነኝ» ብሎ ከሚኖረው ሰው መሐል ጠጋ ተብሎ መታየት ያለበትን ነጥሎ ማውጣት ነው። በቃ። ታሟል አልታመመም የሚለው ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላ ቦታ ነው የሚሠራው።

አሞራ ገደል፣ የሐዋሳው ዓሣ ገበያ፣ ጠዋት ሄዳችሁ የምታውቁ መረቡን አስቡት። መረብ ዓይን አለው። ዓይኑ ከጠበበ ጫጩቱን ሁሉ ጠርጎ ያወጣና ነገ የሚያድገውን ዛሬ ይጨርሰዋል። ከሰፋ ወይም ከተቀደደ ደግሞ ትልቁ ቆሮሶ ዓሣ ሹልክ ይላል። የእኛ መረብ ዓይን 140/90 ነው። የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ሰውየው መረቡ ላይ ቀረ ማለት ነው። መረብ ላይ የቀረ ሁሉ ግን ዓሣ አይደለም፤ ሣርም ይወጣል፣ ፌስታልም ይወጣል። ዳር ላይ ሆኖ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ያለው ጤና ጣቢያ ነው። በሌላ ቀን እንደገና ለክቶ፣ ጠይቆ፣ አይቶ ነው «የደም ግፊት ሕመም አለብህ» የሚለው። ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ አይሠራም፦ መረብ ውስጥ የገባ ዓሣ ዳር መድረሱ አይቀርም፣ ሰው ግን የሪፈር ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ቤቱ ይገባል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሦስት ቀን ምን ያስተምራል ላልከው፣ መለካት ያስተምራል። ቀላል እንዳይመስልህ። ባለፈው ስልጠና አንዲት እናት ለልምምድ ፈቅደውልን መጡ። ከገበያ በእግራቸው ነው የመጡት፣ ቡናም ጠጥተዋል። ሰልጣኟ ዱካ ላይ አስቀመጠቻቸው። ካፉን፣ ክንድ ላይ የሚጠቀለለውን ማለቴ ነው፣ በሹራባቸው ላይ ጠቀለለችው። ክንዳቸው ተንጠልጥሏል፣ እሳቸው ስለ ልጃቸው ሠርግ ያወራሉ። 162/94። ክፍሉ በሙሉ «ውይ!» አለ። «እማማ፣ ትንሽ እንረፍ» አልኳቸው። ሽንት ቤት ደርሰው መጡ፣ ቡናው ግማሽ ሰዓት እስኪያልፈው ጠበቅን፣ ሹራቡ ወለቀ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እግራቸው ሳይነባበር መሬት ረገጠ፣ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ በልባቸው ትክክል አረፈ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ዝም። 136/84። እኚያው እናት፣ ያው መሣሪያ። ዓይኑ የጠበበ መረብ ማለት ይኸው ነው። ወፍራም ክንድ ላይ ትንሽ ካፍ ካሰራችሁም እንዲሁ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ወደ ላይ ይወጣል።

ኤክስቴንሽኗን «አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ምን ታውቃለች» የሚላትም ያናድደኛል። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር የተቀጠሩት ነርሶች ናቸው፣ ግን እሱን እንተወው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ ባንግላዴሽ፣ ጓቲማላ፣ ሜክሲኮና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ። የጤና ሙያ ያልተማሩ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ዕድሜን፣ ጾታን፣ ማጨስን፣ ስኳር በሽታን፣ የደም ግፊትን፣ ክብደትና ቁመትን ብቻ ይዘው፣ ያለ ላቦራቶሪ፣ የሰውን የልብ ሕመም ስጋት ለዩ። ከባለሙያዎቹ ጋር ከ100 ጊዜ ወደ 97ቱ ተስማሙ። ለዩ ነው ያልኩት፣ አከሙ አላልኩም።

ቃሉን ማምታታት ሰው ይጎዳል። አንድ ጎረቤቴ መንገድ ላይ አንዴ ተለክቶ «ግፊት አለብህ» ተባለ። ወንድሙ የሚወስደውን ክኒን ተካፍሎ ዋጠ፣ በሦስተኛው ቀን ባጃጅ ውስጥ ራሱን ሊስት ደረሰ። ሌላው ደግሞ «ኖርማል ነህ» ከተባለ አራት ዓመቱ፣ እስካሁን በዚያ ይምላል። ኖርማል ማለት ዛሬ መረቡ አልያዘህም፣ ተመልሰህ ና ማለት ነው።

እግረ መንገዴን፣ 180/120 ሆኖ ደረቱን የሚያመው፣ ፊቱ የተጣመመ ወይም አንደበቱ የተሳሰረ ሰው ሌላ ቀን ይለካ አይባልም፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ነው። ነፍሰ ጡርም 140/90 ከሆነች ቀጠሮ አይሰጣትም፣ በዚያው ቀን ትላካለች። ደግሞም የልብ ሕመም ሁሉ በግፊት መለኪያ አይያዝም። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብን በር የሚያበላሸው ሪህ ልብ በእኛ አገር ብዙ ወጣት ይጎዳል፣ ይኼ መረብ እሱን አያገኘውም። ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለሰው የሚሰጠው ምክርም ስልጠና ይፈልጋል። «ጨው ቀንሱ» ማለትማ ማን ያቅተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። ሰልጣኞቼን ማጀት ገብተው እንዲጠይቁ እነግራቸዋለሁ፦ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል? ሽሮውስ? ወጡ ላይ ደግሞ ይጨመራል? ቡናውን በጨው የሚጠጣ አለ? የቤቱ እመቤት ራሷ ቆጥራ ትደነግጣለች።

አሁን ወደ ሪፈር ወረቀቱ ልመለስ። መዝገቡ ላይ «ተልኳል» የሚል ቦታ አለ። ከጎኑ በእስክሪብቶ «ደርሷል?» የሚል እንዲያሰምሩ አደርጋለሁ፤ ከስልጠናው ትልቁን ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። አቶቴ አካባቢ የምትሠራ አንዲት ሰልጣኝ አንድ ባጃጅ ነጂ ልካ ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄዳ አጣችው። ጤና ጣቢያው ክፍት በሚሆንበት ሰዓት እሱ ሥራ ላይ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስትሄድ ባለቤቱ ስልኩን ሰጠቻት። ደወለችለትና «ጋሼ፣ ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ እኔን አድርሰኝ፣ ሂሳብህን እከፍላለሁ» አለችው። የሚያደርሳት ቦታ ጤና ጣቢያው ነበር። አብራው ገባች፣ ሲለካ ውጭ ጠበቀችው፣ ወጥቶ ቀጠሮውን ሲያሳያት መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገች።